የመጀመሪያው ካምፕ የዘመድ ቤት ነበር

እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2004 ምሽት በአቴንስ ኦሊምፒክ ስታዲየም የሴቶች የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሲጠናቀቅ መስመሩን ቀድማ የረገጠችው ቻይናዊቷ ዢንግ ሁይና ነበረች። ከእርሷ ኋላ ሁለት ኢትዮጵያውያት ተከታትለው ገቡ። እጅጋየሁ ዲባባ በ30 ደቂቃ ከ24.98 ሰከንድ ሁለተኛ፣ ደራርቱ ቱሉ በ30 ደቂቃ ከ26.42 ሰከንድ ሦስተኛ ሆኑ። ብሩን የወሰደችው የ22 ዓመት ወጣት፣ ነሐሱን የወሰደችው ደግሞ ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነች የ32 ዓመት እናት ነበረች። ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ከአራት ቀን በፊት ደግሞ የእጅጋየሁ ታናሽ እህት ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000 ሜትር ነሐስ ወስዳ ነበር። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ ካገኘቻቸው 7 ሜዳሊያዎች 3ቱ የገቡት በአንድ ዘመድ አዝማድ ቤት ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ተፈጥሮ ነው። የአርሲዋ በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ መሆኗ፣ አየሩ፣ ወተቱና ገብሱ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ረጅም መንገድ ይነሣል። ይህ ሁሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ከፍታማ ቦታ በኢትዮጵያ ብዙ ነው፤ ረጅም የትምህርት ቤት መንገድም እንደዚሁ። ከተራራው አየር ሌላ አንድ የገጠር ልጅ ሯጭ ለመሆን አዲስ አበባ ውስጥ የሚያድርበት፣ የሚበላበትና ወላጆቹ የሚያምኑት ቤት ያስፈልገው ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ የሩጫ ታሪክ ሲጻፍ ሰዓቱና ሜዳሊያው በጥንቃቄ ተመዝግቧል። ይህ ቤት ግን እምብዛም አልተመዘገበም።

ከጦር ሰፈር ወደ ዘመድ ቤት

በቀደመው ዘመን ይህን ቦታ የያዘው ጦር ሠራዊቱ ነበር። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1968 በሜክሲኮ ድሉን የደገመው ማሞ ወልዴም ከዚያው ክፍል ነው። በ1980 በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀው ምሩፅ ይፍጠር ደግሞ የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር። በዚያ ዘመን አትሌቲክስ በሕግ የአማተሮች ስፖርት ስለነበረ ሯጩ ከሩጫው አይኖርም፤ የሚኖረው በወታደርነት ደመወዙ ነው። መኝታው፣ ቀለቡና አሠልጣኙ ከሠራዊቱ ጋር ተያይዘው ይገኛሉ። ቤተሰቡም ልጁን ለውትድርና ሰጠ እንጂ ለሩጫ ሰጠ አይባልም።

ይህ ሥርዓት ታላላቅ ሯጮችን አፍርቷል። ነገር ግን በሩ የተከፈተው ዕድሜያቸው ለደረሰ ወንዶች ነበር። በአርሲ ገበሬ ቤት ያደገ የ15 ዓመት ልጅ፣ ይልቁንም ሴት ልጅ፣ በዚያ በር የምትገባበት መንገድ ጠባብ ነው። በኋላ እንደ ኦሜድላ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ መከላከያና ባንኮች ያሉ ክለቦች ወጣቶችን በደመወዝ መያዝ ሲጀምሩ በሩ ሰፋ። ያም ሆኖ ክለብ የሚመለምለው የሮጠን ሰው ነው። ልጁ ገና ምንም ሳያሸንፍ፣ ከመንደሩ ወጥቶ ክለብ እስኪገባ ድረስ ባለው ጊዜ የት ይደር? ማን ያብላው? ዘመድ የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1973 አሰላ አቅራቢያ የተወለደው ኃይሌ ከአሥር ልጆች አንዱ ሲሆን፣ የምሩፅን የሞስኮ ድል በሬዲዮ ሰምቶ ነው በሩጫ ፍቅር የተያዘው። አባቱ ግን ልጃቸው እንዲማር ወይም ከእርሻው እንዲያግዛቸው እንጂ እንዲሮጥ አልፈለጉም። በእርግጥም በዚያ ጊዜ ሩጫ እንጀራ ይሆናል ብሎ ለአንድ ገበሬ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ኃይሌ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ያረፈው ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ነው። ወንድሙ ራሱ የማራቶን ሯጭ ነበርና እንግዳው የመጣበትን ጉዳይ ማስረዳት አላስፈለገውም።

ኃይሌ በ1988 ገና በ15 ዓመቱ ማራቶን ሮጦ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ፈጀበት። ይህ ለልጅ የሚያስመሰግን ቢሆንም ዓለምን የሚያስደንቅ ሰዓት አይደለም። በ1992 በሴኡል የወጣቶች ዓለም ሻምፒዮና በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ እስኪያገኝ አራት ዓመት፣ በ1993 በሽቱትጋርት የመጀመሪያውን የአዋቂዎች የዓለም ሻምፒዮናነት እስኪቀዳጅ አምስት ዓመት ጠበቀ። ስለ 27ቱ የዓለም ክብረ ወሰኖቹ ብዙ ተብሏል። ክብረ ወሰን ያልነበረባቸው እነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ግን በወንድም ጣሪያ ሥር ካልተጀመሩ በስተቀር የት ሊጀመሩ ይችሉ እንደነበረ መገመት ያስቸግራል።

ከድንበሩ ማዶም ያው ነው

በሽቱትጋርት በዚያው የ10,000 ሜትር ውድድር ነሐስ የወሰደው ኬንያዊው ሪቻርድ ቼሊሞ ነበር። ቼሊሞ ብቻውን አልመጣም። በዚያው ሻምፒዮና ታናሽ ወንድሙ ኢስማኤል ኪሩይ በ18 ዓመቱ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የቅርብ ዘመዳቸው ሞሰስ ኪፕታኑይ ደግሞ በ3,000 ሜትር መሰናክል ወርቁን ወሰደ። ለኪፕታኑይ ይህ ሁለተኛው ነበር፤ በ1991 አሸንፎ ነበርና በ1995ም ደገመው። በአንድ ሻምፒዮና፣ በሦስት የተለያዩ ርቀቶች፣ ከአንድ ዘመድ አዝማድ ሦስት ሜዳሊያ ተገኘ ማለት ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በአቴንስ የታየው ነገር በማራክዌት ኮረብታዎች አስቀድሞ ታይቶ ነበር።

ኤርትራም የራሷ ምሳሌ አላት። በአቴንስ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያስገኘው ዘርእሰናይ ታደሰ ነው። ታናሽ ወንድሙ ኪዳነም ፈለጉን ተከትሎ ለኤርትራ የሮጠ አትሌት ሆኗል። አገራቱ፣ ቋንቋውና ፖለቲካው ይለያያሉ፤ ቀድሞ የሄደ ዘመድ ለተከታዩ መንገድ ማሳየቱ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ታናሹ በጋዜጣ ያነበበውን ጀግና ሳይሆን አብሮት ገበታ የሚቀርበውን ሰው ነው የሚከተለው። ያ ሰው ሲደክመው፣ ሲጎዳና ሲሸነፍም ያየዋል። ሕልሙ ከምን እንደተሠራ ቀድሞ ያውቃል።

ምዝገባ ያለፈባት ልጅ

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን የዞሩበት ምሽት እስከ ዛሬ ይታወሳል። ያ ድል ለዓለም ታሪካዊ ምሳሌ ሲሆን በበቆጂ ላሉት ዘመዶቿ ግን ሌላም ትርጉም ነበረው። ከዚያ ቀን በፊት «ሴት ልጅ ሮጣ ምን ታገኛለች?» ለሚል ጠያቂ የሚሰጥ ምላሽ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ምላሹ ከራሳቸው ቤተሰብ የወጣች ሴት ሆነች።

ጥሩነሽ በዚያ ዓመት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በ2000 ከበቆጂ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ሯጭ ለመሆን ብቻ ሳይሆን ትምህርቷን ለመቀጠል ነበር። ያረፈችውም አስቀድማ ወደ ከተማ መጥታ ሩጫ ከጀመረችው እህቷ ከእጅጋየሁ ዘንድ ሲሆን፣ ሌላ ሯጭ ዘመዳቸውም አብራ ነበረች። ዳሩ ግን ዘግይታ ስለደረሰች የትምህርት ቤት ምዝገባው አለፈባት። ወደ አገር ቤት ብትመለስ ይጠብቃት የነበረው በዚያ ዕድሜ ያሉ ብዙ የገጠር ልጃገረዶችን የሚጠብቀው ትዳር ነው። ጥሩነሽ መመለሱን ትታ ሩጫውን መረጠች፤ ብዙም ሳይቆይ የማረሚያ ቤቶች የስፖርት ክለብ ሯጭ ሆነች።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ዕድል ነው። ምዝገባው ባያልፍ ኖሮ እንዲህ ያለች አትሌት አትገኝም ነበር ይባላል። ነገሩን ከሌላ በኩል ለሚመለከተው ግን ምዝገባ ያለፈባቸው ልጃገረዶች በዚያ ዓመት ብዙ ነበሩ። የአንዷን መንገድ ከሌሎቹ የለየው በከተማው ውስጥ «ተመለሺ» የማይላት ቤት መኖሩ ነው። ከዚያም በላይ በዚያ ቤት የሚኖሩት ሯጮች ስለነበሩ፣ ልጅቱ ማለዳ ተነሥታ ልምምድ ብትወጣ የሚገረምባት አልነበረም። የትኛው ክለብ መቼ እንደሚመለምል፣ ለየትኛው አሠልጣኝ መታየት እንደሚገባ፣ ጫማ ከየት እንደሚገኝ የሚያውቁ ሰዎች አጠገቧ ነበሩ። እንዲህ ያለው እውቀት በየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም፤ የሚተላለፈው እራት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። በማርች 2001 በኦስቴንድ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በወጣት ሴቶች ውድድር 5ኛ ወጣች። በ2002 በደብሊን 2ኛ ሆነች። በ2003 በሎዛን አሸነፈች። በዚያው ዓመት ኦገስት በፓሪስ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ዕድሜዋ 18 ዓመት ከ90 ቀን ነበር፤ በግል ውድድር የዓለም ሻምፒዮን በመሆን ከሁሉም በዕድሜ ታናሽ አደረጋት። በ2005 በሄልሲንኪ 5,000 እና 10,000 ሜትርን በአንድ ሻምፒዮና በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በሁለቱም ርቀት ሦስተኛ የወጣችው ታላቅ እህቷ እጅጋየሁ ነበረች።

ሰንሰለቱም በዚህ አልተቋረጠም። በማርች 2008 በኤደንብራ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአንድ ቀን ጥሩነሽ የአዋቂዎቹን፣ ታናሽ እህቷ ገንዘቤ የወጣቶቹን ውድድር አሸነፉ። ገንዘቤ በ2015 በሞናኮ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ያ ክብረ ወሰን ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን በ2023 እስክታሻሽለው ድረስ ስምንት ዓመት ገደማ ቆይቷል።

ቀድሞ የበቀለን ጆሮ

ለታናሽ ቤትን መክፈት ከባድ ነው፤ ከዚያ የሚከብደው ግን ታናሽ ሲቀድም በደስታ መመልከት ነው። «ቀድሞ የበቀለን ጆሮ፣ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው» የሚለው ተረት በሩጫ ሜዳ ቃል በቃል ይፈጸማል። በሄልሲንኪ ታላቅ እህት ታናሿ ወርቅ ስትወስድ ነሐስ ይዛ አጠገቧ ቆማለች። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ደግሞ ሁለቱ የበቆጂ ወንድማማቾች ተገናኙ። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 እና በ2008 በዚሁ ርቀት የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ፣ የርቀቱም የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነበር። በአምስት ዓመት የሚያንሰው ወንድሙ ታሪኩ 3ኛ ሆኖ የነሐስ ሜዳሊያ ሲወስድ ቀነኒሳ 4ኛ ሆኖ ገባ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ታናሹ ሜዳሊያ ላይ የደረሰበት ምሽት ታላቁ ባዶ እጁን የወጣበት ምሽት ሆነ። ቤቱ ግን ሜዳሊያ አልጎደለበትም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥበብ አለ፤ ዘመድ አሠልጣኝ አለመሆኑን ማወቅ። የኬንያዊው ዴቪድ ሩዲሻ አባት ዳንኤል ሩዲሻ በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ በ4 በ400 ሜትር የዱላ ቅብብል የብር ሜዳሊያ ያገኘ ሯጭ ነበር። ልጁን ራሱ ላሠልጥን ቢል የሚከለክለው አልነበረም። ዴቪድ ግን የሠለጠነው ኢቴን በሚገኘው የቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት በአየርላንዳዊው ወንድም ኮልም ኦኮነል ሥር ነው። በ2012 በለንደን 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረውም የእኚሁ አሠልጣኝ ተማሪ ሳለ ነው። በበቆጂም ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። ልጆቹን ከየቤታቸው ወደ ሜዳ የጠራቸው የአሠልጣኙ ፊሽካ ነበር፤ ማታ የሚመለሱበት ደጃፍ ግን የቤተሰብ ነው። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራ ሲነሣ ልጁ ይጎዳል። ሥልጠናውን የጀመረ ዘመድ ወደ ሥራ አስኪያጅነት፣ ከዚያም ወደ ገንዘብ ያዥነት መሻገሩ ሩቅ አይደለም። ያን ጊዜ ውለታ ወደ ዕዳ ይለወጣል።

ያልተጻፈው ወገን

እስካሁን የተነሡት ሁሉ ያሸነፉ ሰዎች ናቸው። ታሪክ የሚጻፈው ከመድረኩ ላይ ስለሆነ ይህ የማይቀር ነው። በየዓመቱ ከአርሲና ከሸዋ፣ ከጎጃምና ከትግራይ ወደ አዲስ አበባ ከሚጎርፉት ልጆች መካከል አብዛኞቹ ግን ብሔራዊ ማሊያ ለብሰው አያውቁም። በ2012 የወጣው «ታውን ኦቭ ራነርስ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ከበቆጂ ተነሥተው ወደ ሌሎች ከተሞች ማሠልጠኛ የሄዱ ወጣት ሴቶችን ተከትሏል። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ተስፋ ብቻ አይደለም፤ የተጓደለ አቅርቦት፣ ጉዳትና ከቤት የመራቅ ብቸኝነትም ይታያል።

በዚህ ምክንያት የኃይሌ አባት ጥያቄ በኃይሌ ድል የተዘጋ ተደርጎ መታየት የለበትም። ልጄ ይማር ያሉ አባት ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፤ ለአንዱ ልጃቸው ባይሠራም ለአያሌ ልጆች የሚሠራ ምክር ነበርና። የጥሩነሽ ታሪክም ቢሆን የሚጀምረው ከትምህርት ፍላጎት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ጊዜው ባያልፍባት ኖሮ ሁለቱን አብራ ልታስኬድ ትችል ነበር። እንግዲህ ሯጭ ለመሆን የሚመኝ የወንድም ወይም የእህት ልጅ በእጁ የገባለት ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው የመጀመሪያ ነገር ሜዳሊያውን ሳይሆን ምዝገባውን ማስታወስ ነው። ልጁ ከመምጣቱ በፊት የትምህርት ቤቱን ቀን መጠየቅ ትንሽ ሥራ ትመስላለች። ሆኖም ሩጫው ባይሳካ የሚቀረው በር እርሱ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ከ1997 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና የገንዘብ ሽልማት መሰጠት ጀምሯል፤ የጎዳና ላይ ሩጫዎችም ከዚያ የሚበልጥ ይከፍላሉ። ሩጫ እውነተኛ ሙያ ሆኗል። ሙያ መሆኑ ለቤተሰብ ተስፋ ሲሆን ለልጁ ደግሞ ጥድፊያ ነው። የ15 ዓመቷ ጥሩነሽ 5ኛ፣ 2ኛ፣ 1ኛ እያለች በሦስት ዓመት ነው የወጣችው። የመጀመሪያ ማራቶኗን በለንደን የሮጠችው በ2014፣ በ28 ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ የሦስት ኦሊምፒክ ወርቆች ባለቤት ነበረች። ገና አጥንቱ ያልጠና ልጅ ለሽልማት ብሎ ወደ ረጅሙ ርቀት ሲጣደፍ «ቆይ» የሚለው ሰው ከሌለ ሌላ የሚለው አይገኝም። ይህን ቃል ለመናገር ከሁሉ የተሻለ ቦታ ላይ ያለው ከልጁ ሩጫ የማይኖር፣ ልጁ ቢሸነፍም እንጀራ የሚያቀርብለት ዘመድ ነው።

ዛሬ በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። በእህቷ ቤት ሆና ሩጫን የጀመረች ልጅ ስሟ በመንግሥት ማሠልጠኛ ደጃፍ ላይ ተጽፎ ይነበባል። መኝታና ምግብ፣ አሠልጣኝና መሮጫ መም ያለበት ማዕከል መኖሩ በ2000 ያልነበረውን ነገር ይሞላል። ደራርቱ ቱሉም ከ2018 እስከ 2024 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በመምራት ከቤተሰብ አርአያነት ወደ አገር ኃላፊነት ተሻግራለች። ማዕከሉ ግን የሚቀበለው የተመረጡትን ነው፤ ያልተመረጡት ቁጥራቸው ይበልጣል። እነርሱ ዛሬም ከአውቶቡስ ተራ ወርደው ሻንጣቸውን አንጠልጥለው የሚደውሉት ለአንድ ዘመድ ነው። ያ ዘመድ በሩን ሲከፍት ከደጁ የቆመው ሻምፒዮን ይሁን አይሁን አያውቅም። የእጅጋየሁም ቤት በ2000 ለምዝገባ ዘግይታ የደረሰችውን ልጅ ሲቀበል አያውቅም ነበር።